ከኦፕራሲዮን በኋላ ሲከፋ ጥፋት የሚባለው የቱ ነው?

ከደዌ ሐረዋ ገጠር ወደ ከሚሴ የመጣች እናት በኦፕራሲዮን ወለደች እንበል። በአራተኛው ቀን ቁስሉ መግል ቋጠረ፤ ትኩሳትም ያዛት። አስታማሚዎቿ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ሐኪሙ ምን ቢያጠፋ ነው?» ብለው ነው። ሐዘንና ድንጋጤ የወለደው ጥያቄ ስለሆነ አይፈረድባቸውም።

ይሁንና ቁስል ማመርቀዝና መድማት በጠንቃቃ ባለሙያ እጅም ይደርሳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2031 ባለሙያን ተጠያቂ የሚያደርገው የሙያውን ደንብ ሲጥስ ነው፤ የውጤቱ መክፋት ብቻውን አይበቃም። በቸልተኝነት ሰው ከሞተ ግን ነገሩ ወንጀል ነው፦ ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበትን ሰው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ይቀጣዋል። የፌዴራሉ የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2013 ካያቸው 60 አቤቱታዎች ጥፋት ያገኘው በ14ቱ ነበር።

ለእኔ ትልቁ ፈተና ያለው ችግሩ ከታየ በኋላ ነው። ትኩሳቱን ማን ለካ? ስንት ሰዓት? ከአቅም በላይ ሲሆን ቦርከናን ተከትሎ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ደሴ ሪፈር ለመጻፍ ስንት ሰዓት ፈጀ? የታማሚዋ ካርድ ይህን ሁሉ ሲይዝ ለእሷም ለሐኪሙም ምስክር ይሆናል። ኋላ የተሰረዘና የተደለዘ ካርድ ግን ንጹሑንም ባለሙያ ያስጠረጥራል። ቤተሰቡን ቁጭ አድርጎ «ይህ ደርሷል፣ እንዲህ እያደረግን ነው» ማለት ደግሞ የሐኪሙ ግዴታ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ፖሊስ ጣቢያ የሚሄደው የሚነግረው ሰው ሲያጣ ነው።

በከሚሴ ዙሪያ አንድ ነገር ይጨመርበታል፤ እሱም ቋንቋ ነው። የብዙው ታማሚ አፍ መፍቻ አፋን ኦሮሞ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 ታማሚው አውቆ እንዲፈቅድ ይጠይቃል። በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቅጽ ላይ አሻራዋን ያሳረፈች እናት፣ ሊደርስባት የሚችለውን በቤቷ ቋንቋ ካልሰማች ምን ፈቀደች ይባላል? አስተርጓሚውም ፈቃዱም የእሷ ይሁን። ባሏ ወይም ወንድሟ ቢፈርምላት፣ ራሷን የሳተች ካልሆነች በቀር፣ የእሷን ቃል አይተካም።

ቅሬታ ያለው ቤተሰብ በመጀመሪያ ለሆስፒታሉ አስተዳደር በጽሑፍ ያመልክት፤ የሕክምና ማስረጃና የሪፈር ወረቀት ቅጂም ይጠይቅ። ጥፋቱ የሠራተኛው ቢሆን እንኳ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2651 መሠረት ተቋሙ ራሱ በካሳ ይጠየቃል። ከውል ውጭ የደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው ግን ጉዳቱ በደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነውና ቀኑ ከወዲሁ ይታሰብ።