ስለ ወጣቶች የዳሌ አጥንት ዕጢ

አጥንት እንደ ድንጋይ የማይለወጥ ሆኖ ቢታይም ሕያው አካል ነው። በልጅነትና በጕርምስና ጊዜ ዘወትር ያድጋል፤ በሚያድግበትም ስፍራ አንዳንድ ጊዜ ከልክ ያለፈ እብጠት ይወጣበታል። ይህም ዕጢ ይባላል። ነገር ግን ዕጢ ሁሉ ነቀርሳ አይደለም። ወደ ሌላ አካል የማይዛመት ዕጢ አለ፤ በወጣቶች አጥንት ላይ ከክፉው ይልቅ የሚበዛውም ይኸው ነው።

ከነዚህም አብዝቶ የሚታየው ኦስቲዮኮንድሮማ የሚባለው ነው። ቅርጭጭትን እንደ ቆብ ደፍቶ ይወጣል፤ ከልጁ ጋራ ያድጋል፥ የልጁ ቁመት ሲቆምም እርሱ ይቆማል። ኦስቲዮይድ ኦስቲዮማ የሚባለው ደግሞ መጠኑ ትንሽ ሆኖ ሳለ ሌሊት አጥብቆ ያማል፤ ሕመሙም በአስፒሪን ይበርዳል። ሌላውም ደም የሞላበት ከረጢት ሆኖ ከ20 ዓመት በታች በሆኑት ላይ ይበዛል፤ ነቀርሳ ባይሆንም አጥንቱን እየበላ ያሳሳዋል።

የዳሌ አጥንት በወፍራም ሥጋ የተሸፈነ ስለ ሆነ በዚያ የወጣ ዕጢ እስኪገዝፍ ድረስ ለእጅም ለዓይንም አይገኝም። ሕመሙም የወገብ ወይም የጕልበት መስሎ ያሳስታል።

በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ፥ እንደ አገሩ ሁሉ፥ እግሩን ያመመው ልጅ አስቀድሞ የሚወሰደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻ ውልቃትን በመመለስ ለወገኑ የዋለው ውለታ የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ዕጢ በማሸት አይሟሟም፤ የሳሳውም አጥንት ሲታሽ ሊሰበር ይችላል። ዕጢው ክፉ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ የባከነው ጊዜ አይመለስም።

በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና በቡታጅራ ሆስፒታል ሐኪም አለ። የምርመራውም መጀመሪያ ራጅ ነው። ነገሩ ከዚያ የጠለቀ ሲሆን ሕመምተኛው አዲስ አበባ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይላካል። ከቡታጅራ መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ፥ ከወልቂጤም 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለባለጠጋ ቅርብ ሲሆን ለድኻ ገበሬ ግን ላም የሚያሸጥ ነው።

ብዙ ወላጆችን የሚያስቀራቸው እግር ይቈረጣል የሚለው ፍርሃት ነው። ክፉ ያልሆነ ዕጢ ግን ብዙውን ጊዜ ተፍቆ ወይም ተቈርጦ ሲወጣ እግሩ ይተርፋል፤ የማያምና የማያድግ ሲሆንም ሐኪም እየተመለከተ ይተወዋል። ቁመት ከቆመ በኋላ የሚያድግ ወይም ማመም የጀመረ ኦስቲዮኮንድሮማ ግን፥ ይልቁንም በዳሌ ላይ ሲሆን፥ ወደ ነቀርሳ መለወጡ ያሠጋልና ቸል ሊባል አይገባም።

የቡታጅራ ወረዳ ሕዝብ ለሕክምና ጥበብ እንግዳ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ልደቱንና ሞቱን ሊመዘግቡ በመጡ ጊዜ ደጁን ከፍቶ ተቀብሏል። ከርሱ የተገኘው ዕውቀት ለአገር ከተረፈ፥ ጥበቡ ተመልሶ ልጁን እንዲያድንለት መሻቱ ፍርድ ነው።

እንግዲህ የሕዝቡን ጭንቀት አስቀድሞ የሚሰማው የንስሐ አባትና የሃይማኖት መምህር፥ ሌሊት በሕመም የሚነቃውን ወይም ያለምክንያት የሚያነክሰውን ልጅ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይምከረው። ሹሙም የጤና መድኅኑንና የመላኪያውን ወረቀት አያዘግይበት። የአንድ ቀን ትጋት የአንድን ወጣት ዕድሜ ልክ አካሄድ ታቀናለችና።