በኦፕሬሽን ከወለዱ በኋላ በምጥ መውለድ፦ ትንሹ ሆስፒታል «እኛ ጋ አይሆንም» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ዛሬ የምናየው አሜሪካ ውስጥ ከትልልቅ ከተሞች ራቅ ብለው የሚኖሩ እህቶቻችንን የሚገጥም ጉዳይ ነው። የመጀመሪያ ልጇን በኦፕሬሽን የወለደች እናት ሁለተኛውን ስታረግዝ «በምጥ ልሞክር» ትላለች። በአቅራቢያዋ ያለው አነስተኛ ሆስፒታል ደግሞ «እኛ ጋ ይህ አይደረግም፤ ቀን ቆርጠን በኦፕሬሽን እናዋልድሻለን» ይላታል። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ «አደገኛ ቢሆን ነው» ብለው ይተዉታል። እስቲ ረጋ ብለን እንየው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍነው።)

የሚፈራው ዋናው ነገር በምጥ ሰዓት የድሮው የማህፀን ስፌት መተርተሩ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ማህፀኗ ከታች በኩል በአግድም ተቀድዶ የወለደች ሴት ከሆነች፣ ይህ የሚደርሰው ምጥ ከሚሞክሩ 1,000 እናቶች ከ5 እስከ 9 በሚሆኑት ላይ ነው። ከሚሞክሩት 100 ውስጥ ከ60 እስከ 80 ያህሉ ይሳካላቸዋል። ያልተሳካላቸው መጨረሻ ላይ ኦፕሬሽን ይገባሉ፤ ከምጥ በኋላ የሚደረግ ኦፕሬሽን ደግሞ ቀን ተቆርጦለት ከሚደረገው ይልቅ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ይህንንም መደበቅ አያስፈልግም።

ደጋግሞ መቀደድስ? ሦስት አራት ልጅ ለሚያስብ ቤተሰብ ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። የእንግዴ ልጁ የማህፀን በር ላይ ካረፈ፣ የድሮውን ጠባሳ ይዞ ከማህፀን ግድግዳ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ሲጣበቅ ደም አይቆምም፤ ብዙ ጊዜ ማህፀን እስከማውጣት ይደርሳል። እንዲህ ዓይነት አቀማመጥ ካላቸው እናቶች መካከል ይህ ችግር የሚገጥማቸው በሁለተኛው ኦፕሬሽን ከ100 ወደ 11፣ በሦስተኛው ወደ 40፣ በአራተኛው ወደ 61 ናቸው። «ለጊዜው ኦፕሬሽኑ ይሻላል» ሲባል የቀጣዩ እርግዝና ሂሳብ አብሮ መነገር አለበት። ብዙ ጊዜ ግን አይነገርም።

ታዲያ ሆስፒታሎቹ ለምን ይከለክላሉ? በ1996 አሜሪካ ውስጥ ቀደም ሲል በኦፕሬሽን ከወለዱ 100 እናቶች 28ቱ በምጥ ይወልዱ ነበር። በ1999 የአሜሪካ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ኮሌጅ፣ ኦፕሬሽን የሚያደርገው ቡድን «ወዲያውኑ» መገኘት አለበት የሚል መመሪያ አወጣ። ሌሊት ሰመመን ሰጪው ቤቱ ተኝቶ በስልክ የሚጠራበት ትንሽ ሆስፒታል ይህን ከየት ያመጣዋል? የክስና የኢንሹራንስ ስጋት ተጨመረበት፣ በሩ ተዘጋ። በ2006 ቁጥሩ ከ100 ወደ 8 ገደማ ወረደ። ኮሌጁ ራሱ በ2010 መመሪያውን አላላው፤ የሆስፒታል ደንብ እናትን ያለ ፈቃዷ ኦፕሬሽን ለማስገባት መሣሪያ ሊሆን እንደማይችልም ጻፈ። ብዙ ሆስፒታል ግን ደንቡን እንደያዘ ቀረ።

ትንሽነት ብቻውን ሰበብ እንዳልሆነ የሚያሳየው በአሪዞና በናቫሆ ሕዝብ ምድር ያለው የቱባ ሲቲ ሆስፒታል ነው። በዚያው ዘመን በዓመት 500 ገደማ ሕፃናት የሚወለዱበት፣ አብዛኛውን ወሊድ አዋላጅ ነርሶች የሚከታተሉበት፣ ሐኪሞቹ በደመወዝ የሚሠሩበት ቦታ ነው። በአገር ደረጃ ከ100 እናቶች ከ30 በላይ በኦፕሬሽን ሲወልዱ እዚያ 14 ያህል ብቻ ነበሩ። ቀድመው ኦፕሬሽን የሆኑትም በምጥ እንዲሞክሩ ይፈቀድላቸው ነበር።

ስለዚህ ሐኪማችሁን የምትጠይቁት ስለ ሰዓት ይሁን። ማህፀን ከተተረተረ ሕፃኑ ሳይጎዳ ለማውጣት ያለው ጊዜ 18 ደቂቃ ገደማ ነው። «ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሕንጻው ውስጥ ማን አለ? ሰመመን ሰጪው ከቤቱ እስኪመጣ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ደም እዚሁ አለ ወይ?» በሉ። መልሱ «ግማሽ ሰዓት» ከሆነ፣ ለዚያች ቀን ወደ ትልቅ ሆስፒታል መሄድ ቢርቅም ይሻላል፤ ያን ጊዜ ክትትሉን ቀደም ብላችሁ አዛውሩ። ምጡን በመድኃኒት እናምጣ ከተባለም የመድኃኒቱን ስም ጠይቁ። ሚሶፕሮስቶል (ሳይቶቴክ) በእርግዝናው መጨረሻ የማህፀን ጠባሳ ላላት ሴት አይሰጥም።

አገር ቤት በኦፕሬሽን ለወለዳችሁ ደግሞ የወረቀት ነገር አለ። ሆድ ላይ የሚታየው ጠባሳ ማህፀኑ በየት በኩል እንደተቀደደ አይናገርም። ማህፀኑ ከላይ በቁመት ተቀድዶ ከሆነ ምጥ አይመከርም። ይህን የሚናገረው የኦፕሬሽኑ ሪፖርት ነው፤ ዘመድ ልካችሁም ቢሆን ከወለዳችሁበት ሆስፒታል አስወጡት። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተጻፈ በፈረንጅ ቀይራችሁ ስጡ። በሁለቱ ወሊድ መካከል ያለው ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ካነሰ አደጋው ስለሚጨምር የአቆጣጠር ስህተት ሐኪሙን ያሳስታል።

ሌላም አለ። «የመሳካት ዕድልሽ ዝቅተኛ ነው» ብሎ ኮምፒውተር ሲያሰላ፣ እስከ 2021 ድረስ በሰፊው ይሠራበት የነበረው ማስያ ጥቁር ለሆነች እናት በዘሯ ብቻ ቁጥሩን ይቀንስባት ነበር። አዲሱ ዘርን አይጠይቅም። ቁጥር ከተነገራችሁ በየትኛው እንደተሰላ ጠይቁ።

ምጥ ድንገት ቢመጣና ደጃችሁ ያለው ትንሹ ሆስፒታል ብትገቡ፣ ድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል ሁሉ በ1986ቱ የፌዴራል ሕግ መሠረት በምጥ ላይ ያለችን እናት መርምሮ መርዳት ግዴታው ነው፤ ምጥ እንደያዛት ዝም ብሎ ሊያባርራት አይችልም። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚም በነፃ ማቅረብ አለበት፤ በስልክም ይሆናል። ኦፕሬሽን የሚባል ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት ባልን ወይም ልጅን አስተርጉም ከማለት «የአማርኛ አስተርጓሚ ጥሩልኝ» በሉ።