ከዲፌንስ ማግስት ጌጁን ማን ያነባል?

የውጭ ትምህርት ዕድል ያገኙ ወጣት መምህራን ከመሄዳቸው በፊት ቢሮዬ ብቅ ይላሉ። ስለ ቪዛ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ብርዱ ይጠይቁኛል። የማውቀውን እነግራቸዋለሁ፦ ካፖርት እዚያው ግዙ፣ በርበሬ ግን ከዚህ በደንብ ያዙ። ተራዬ ሲደርስ ደግሞ እኔ እጠይቃለሁ፤ ከዲፌንስህ ማግስት ጌጁን ማን ያነባል? አብዛኞቹ ግር ይላቸዋል። ትምህርቱ አልተጀመረ፣ ጌጁ አልተተከለ፣ ሰውየው የምን ማግስት ያወራል የሚሉ ይመስለኛል።

ሥራችንን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። ዲፌንስ የምንለው የፒኤችዲ ተማሪ ጥናቱን በመርማሪዎች ፊት የሚያቀርብበት የመጨረሻ ቀን ነው። ስታፍ ጌጅ የምንለው ወንዝ ዳር የሚተከል፣ በሴንቲ ሜትር የተሰመረ ሰሌዳ ነው። አቅራቢያው የሚኖር ታዛቢ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት እየወረደ ውሃው የደረሰበትን ቁጥር ይመዘግባል። ይህ ቁጥር ከፍታውን እንጂ በሰከንድ ስንት ውሃ እንዳለፈ አይናገርም። ያንን ለማወቅ ወንዙ ሲጎድልም ሲሞላም እየሄዱ ፍጥነቱንና ስፋቱን መለካት፣ ከዚያ ከፍታና ፍሰትን የሚያያይዝ ኩርባ ማውጣት ይጠይቃል። የጋሞ ወንዞች ደግሞ ለዚህ አይመቹም። ከጉጌ ተራሮች ቁልቁል ተንደርድረው ሜዳው ላይ ሲደርሱ የተሸከሙትን አሸዋና ድንጋይ ያራግፋሉ። አንድ ትልቅ ጎርፍ ካለፈ በኋላ የወንዙን ወለል በቀድሞ ቦታው አታገኘውም፤ ኩርባውም እንደ አዲስ ይሠራል።

አርባ ምንጭ የመጣ እንግዳ ሴቻ አፋፍ ላይ ቆሞ አባያንና ጫሞን ፎቶ ያነሣል። አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ በመሐላቸው የእግዜር ድልድይ። ግሩም እይታ ነው፤ እኔም እንግዳ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምወስደው እዚያ ነው። ግን አባያን ያቀለመው ወንዞች ከየተፋሰሱ ጠርገው ያመጡት አፈር መሆኑን ያወቀ ሰው ሐይቁን ሲያይ የገበሬ ማሳ ይታየዋል።

የፒኤችዲ ጥናቴም በዚሁ አፈር ላይ ነበር፤ እኛ ሰፈር ሳንድዊች በሚባለው ዓይነት፣ ከፊሉን ቤልጂየም ሉቨን፣ ከፊሉን እዚህ ሜዳ ላይ እየሠራሁ። ሲያወሩት ያምራል። ችግሩ የዝናቡና የዩኒቨርሲቲው ካላንደር አለመተዋወቃቸው ነው። የጋሞ ትልቁ ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት ይወርዳል፤ ሉቨን ደግሞ ያን ጊዜ ሴሚናሩና ኮርሱ የሚደራረብበት ወቅት ነው። ተማሪው ጎርፉ ሲመጣ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሜዳ ሲወርድ ወንዙ ጎድሎ ያገኘዋል። ስለዚህ የጥናቱን ዋና ቁጥሮች የሚሰበስበው፣ በሽፋኑ ላይ ስሙ የማይወጣው ታዛቢ ነው።

የእኔን ታዛቢ ጋሼ እለዋለሁ፣ እሱ መምህር ይለኛል። የደብተሩን ገጽ ፎቶ እያነሣ በቴሌግራም ይልክልኝ ነበር። ሁለት ዓምድ አስምሬ ሰጥቼው ነበር፣ አንዱ ለጠዋት፣ አንዱ ለማታ። እሱ ሦስተኛ ጨመረበት። የደጋው ዝናብ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጎርፉ ታች የሚደርሰው ሌሊት ነው፤ በሁለቱ ንባቦች መሐል መጥቶ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወንዙ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ይገኛል። ጋሼ ታዲያ ጠዋት ወርዶ ዛፎቹ ላይ ጭቃው የቀረበትን ልክ ያይና «ሌሊት መጥቶ ሄዷል፤ እዚህ ድረስ ነበር» ብሎ ቁጥሩን ያሰፍራል። ሱፐርቫይዘሬ ያን ዓምድ ስተረጉምለት ወንበሩን ወደ ስክሪኑ ሳበ። የጥናቴ አንድ ሙሉ ምዕራፍ የቆመው በዚያ ዓምድ ላይ ነው።

በመጨረሻዎቹ የጽሑፍ ወራት የሰው አእምሮ አያርፍም። ቀን ግራፍ ታስተካክላለህ፣ ማታ ስለ ነገ ታስባለህ። ብራስልስ በሚኖሩ የአገር ልጆች ቤት የዓመት በዓል ዶሮ ወጥ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ትመለሳለህ ወይ?» የሚለው ነው። በኪስህ የፖስትዶክ ማስታወቂያ፣ ከኋላህ የፈረምከው የአገልግሎት ውልና ዋስ የሆነህ ጓደኛህ፣ እዚህ ደግሞ ደመወዙን የምታውቀው ሥራ አለ። ጥያቄውን ለማምለጥ ይመስለኛል በባቡር መዞር ያበዛሁት። ጥቂት ሰዓት ከተጓዝክ ሌላ አገር ነህ፤ ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ በመኪና ሲመጣ ቀኑ የሚያልቅበትን ሰው ይህ ያስቀናዋል።

ከዙረቴ ሁሉ የማልረሳው አምስተርዳም ነው። በከተማው ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ውሃ የተሞሉ የመስታወት ዓምዶች አሉ። ሁለቱ የባሕሩን የዚያን ሰዓት ከፍታ ያሳያሉ፤ ሦስተኛው ከራስህ በላይ ሄዶ 4 ሜትር ከ55 ላይ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1953 ከ1,800 በላይ ሆላንዳውያንን የገደለው ጎርፍ የደረሰበት ልክ ነው። እነዚህ ሁሉ የሚለኩት ከአንድ ዜሮ ነው፤ ዜሮውም አንድ የነሐስ ብሎን ላይ ተቀምጧል፤ ሄዶ በእጅ መንካት ይቻላል። አምስተርዳም ውስጥ የውሃውን ከፍታ በመደበኛነት መመዝገብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1700 ነው። እኔን የያዘኝ ቁጥሩን ይጽፉ የነበሩት ሰዎች ነገር ነው። ከእነሱ ውስጥ ዲፌንስ ስላደረገ የተወ የለም። አንዱ ሲሞት ወይም ጡረታ ሲወጣ ሌላው ብዕሩን ይቀበል ነበር፤ ሥራው የከተማው ነበርና።

የእኛ ሥራ የተማሪው ነው። ጌጁ የሚተከለው በትምህርት ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡ ሲያልቅ የታዛቢው አበል ይቆማል፤ አበሉ ሲቆም ደብተሩ ይዘጋል፤ የሚቀጥለው ተማሪ መጥቶ ከዚያው ወንዝ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ሌላ ጌጅ ይተክላል። ሦስት ዓመት እዚህ፣ አራት ዓመት እዚያ፤ አንዱ ከሌላው አይቀጥልም። ከዚህ በስተጀርባ ክፉ ሰው የለም። ጆርናሉም ሱፐርቫይዘሩም አዲስ ነገር ይፈልጋሉ፤ የቆየ ልኬት ስላስቀጠለ ዲግሪ የተሰጠው ሰው አላጋጠመኝም። ያልተቋረጠ ልኬት፣ የወንዝም ሆነ የዝናብ፣ የሚፈለገው ግን አደጋ ሲመጣ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰው ሲቀብር የባለሙያ የመጀመሪያ ጥያቄ «ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ስንት ሚሊ ሜትር ዘነበ?» የሚል ነበር። ይህን በኋላ ሄደህ የምትሰበስበው መረጃ አይደለም።

ስለዚህ «ትመለሳለህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለእኔ በጣም ጥቅል ነው። ውጭ ቀርቶ እስከ ዛሬ ለተማሪዎቻችን የሳተላይት መረጃ የሚያስተነትን ባልደረባ አውቃለሁ። ተመልሶ በኮሚቴ ስብሰባ ታስሮ ወንዝ ካየ ዓመታት ያስቆጠረም አውቃለሁ፤ እሱን መውቀስም አይገባም፤ ስብሰባውን እሱ አልጠራውም። እኔ የተመለስኩት አገር ስለጠራኝ ነው ብል ዋሸሁ። የጋሼ ደብተር ስለቀጠለ፣ የሚነበብ ነገር ስለነበረ ነው።

እርግጥ አርባ ምንጭ ለዚህ ሥራ ባዕድ አይደለችም። ዩኒቨርሲቲያችን በ1979 ዓ.ም. ሲጀመር ስሙ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር። በየዓመቱ ልምምድ የሚፈልጉ የሃይድሮሊክስ ተማሪዎች አሉን፤ የኩልፎና የሐሬ ወንዞችም በአቅራቢያችን ናቸው። ለእያንዳንዱ የተዘጋ ጌጅ አንድ የተማሪ ቡድን ቢመደብ የፍሰት ልኬቱ ይቀጥላል፤ ንባቡ ግን በዕረፍት ጊዜም መነበብ ስላለበት ያለ ታዛቢ አይሆንም። ታዛቢ ደግሞ አበል ይፈልጋል። ነገሩ ዞሮ ዞሮ እዚህች ትንሽ ገንዘብ ላይ ይወድቃል፤ ትልቅ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ምናልባት አንድ ሰው ይከራከርበት ነበር።

ዘንድሮ ከሚሄዱት አንዱ ፕሮፖዛሉን ይዞ መጣ። ሊያጠናው ወዳሰበው ወንዝ አብረን ወረድን። ጌጁን በጎርፍ ከማይነቀል ነገር ጋር ማያያዝ አለብህ አልኩት፤ እዚያ ባለው ድልድይ ግድግዳ ላይ በመሮ ምልክት ቀርጸን የጌጁን ዜሮ ከእሱ ጋር በሌቭል አስተሳሰርን። ሰሌዳው ተጠርጎ ቢሄድ አዲሱ በዚያው ልክ ይተከላል፤ ተካዩም የግድ እሱ መሆን የለበትም። ቢሮ ስንመለስ ላፕቶፑን ከፍቶ በጀቱ ላይ አንድ መስመር ጨመረ፦ የታዛቢ አበል፣ ፕሮጀክቱ ካበቃ በኋላ ለ2 ዓመት። ይሰርዙብህ ይሆናል አልኩት። ለአንድ ኮንፈረንስ ከሚወጣው የአውሮፕላን ቲኬት እንደሚያንስ አስልቶ ከሥሩ ጻፈበት።