ሦስት ዓመት ሙሉ የውሸት ቤት መሥራት

ከለንደን ወጣ ብሎ ሊቭስደን በሚባል ቦታ፣ በአንድ የፊልም ስቱዲዮ አዳራሽ ውስጥ ግንብ ቆሟል። ከዳር እስከ ዳር 15 ሜትር ያህል ነው። ማማው፣ ድልድዩ፣ ገደሉ፣ ዛፉ አልጎደለም፤ በመስኮቶቹ ውስጥ ከ2,500 በላይ የብርሃን ክሮች ይበራሉ። የሃሪ ፖተር ትምህርት ቤት ሆግዋርትስ ነው፤ 86 ባለሙያዎች ለመጀመሪያው ፊልም ከእውነተኛው ልክ 24 ጊዜ አሳንሰው የሠሩት። ፊልሙን ያየን ብዙዎቻችን ያን ግንብ ወይ የሆነ ቦታ ያለ፣ ወይ ኮምፒውተር የወለደው አድርገን ነበር የወሰድነው።

እንዲህ ያለውን ሥራ የሚማሩበት ቤት ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሃትፊልድ በምትባለው ከተማ ያለው የሃርትፎርድሺር ዩኒቨርሲቲ ሞዴል መሥራትን በሦስት ዓመት ዲግሪ ያስተምራል። በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ ያለው የቦርንማውዝ የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ። የሃትፊልዱ ታሪክ ግን ለዚህ ሙያ የተጻፈ ይመስላል። ከተማዋ የዴ ሃቪላንድ አውሮፕላን ፋብሪካ አገር ነበረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሞስኪቶ የተባለውን አውሮፕላን ከእንጨትና ከኮላ የሠሩት እዚያ ነው። ዩኒቨርሲቲው መጀመሪያ ኮሌጅ ሆኖ በ1952 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሲከፈት የኩባንያው ሊቀ መንበር በሰጡት መሬት ላይ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የሆነው በ1992 ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ ደግሞ ባዶው የአውሮፕላን ማረፊያ ለፊልም ሠሪዎች ሆነ፤ በ1998 በታየው «ሴቪንግ ፕራይቬት ራያን» ውስጥ በቦምብ የፈራረሰችው የፈረንሳይ ከተማ እዚያ ሜዳ ላይ የተተከለች ናት።

ተማሪው ገና ሲገባ ጭራቅ ወይም የጠፈር መርከብ እሠራለሁ ብሎ ይመጣል። የሚጠብቀው ግን ግድግዳ ነው። ተራ የሸክላ ጡብ ግድግዳ። የእንግሊዝ ጡብ 215 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ 65 ሚሊ ሜትር ይቆማል። ይህን 24 ጊዜ ሲያሳንሱት ርዝመቱ 9፣ ቁመቱ 3 የማይሞላ ሚሊ ሜትር ይሆናል። በጠንካራ ፎም ላይ በማስመሪያና በሹል እርሳስ እያንዳንዱን መስመር ይጫኑታል። ከዚያ ሥራው ገና መጀመሩ ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም ጡብ እኩል የሆነበት ግድግዳ ወዲያው አሻንጉሊት ይመስላል። አንዱን ጥግ መሸረፍ፣ አንዱን ትንሽ ማጥቆር፣ ሌላውን ገፋ ማድረግ ያስፈልጋል። ቀለሙ በደረጃ ይገባል፦ መጀመሪያ የጡቡ መልክ፤ ቀጥሎ እንደ ሻይ የቀጠነ ጥቁር ቀለም በየስንጥቁ ፈስሶ ላይ ላዩ በጨርቅ ይጠረጋል፤ መጨረሻ ላይ ቀለሙ ሊያልቅ በተቃረበ ደረቅ ቡሩሽ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ መዳሰስ። ከዚህ ሁሉ በኋላ መምህሩ ይመጣና ዝናቡ የት አለ ይላል። በመስኮቱ ደፍ ስር ውሃ የሚወርድበት ጥቁር መስመር የለም። ከመሬት የሚፈናጠረው ጭቃም ግርጌውን አልነካውም። ክረምት ላይ የጭቃ ቤት ግርጌ አይቶ የሚያውቅ ሰው ጭቃው እስከ የት እንደሚደርስ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ተማሪው የሚማረው ይህን የሚያውቀውን ነገር እጁ ላይ ማውረድ ነው።

በነገራችን ላይ ከአዲስ አበባ ጋራዥ የወጣ ቀለም ቀቢ እዚህ ወርክሾፕ ቢገባ ብዙም አይደናገርም። ስቱኮ ይቀባል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ ሊማና ሞርሳ አለ፣ ጀሶ ይበጠበጣል፣ በኮምፕረሰር ቀለም ይነፋል። አዲስ የሚሆንበት ሲሊኮኑ ነው። አንድ ጊዜ በእጅ የተሠራን ዕቃ ሃያ ማድረግ ሲፈለግ ዙሪያውን ሲሊኮን ያፈሱበታል፤ ሲረጋ ፎርማ ይሆናል፤ በፎርማው ውስጥ ሬዚን ይሞላል። ሬዚኑ ሲጠነክር ራሱ ይሞቃል፣ እጅ እስኪያቃጥል። ሲሊኮኑን በችኮላ የበጠበጠ ሰው አየር ያስገባበታል፤ አንዲት አረፋ ከዕቃው ፊት ላይ ከተለጠፈች ሃያውም ቅጂ በዚያው ቦታ ኪንታሮት ይዞ ይወጣል።

ትልቁ ትምህርት ግን ቀለምም ሬዚንም አይደለም። ጊዜ ነው። ከፍታው ሲያንስ መውደቂያ ጊዜውም ያጥራል። ከ20 ሜትር ፎቅ ጫፍ የተነቀለ ድንጋይ መሬት እስኪደርስ 2 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። ያንኑ ፎቅ 25 ጊዜ አሳንሰን በ80 ሳንቲ ሜትር ብንሠራው ድንጋዩ በ0.4 ሴኮንድ ዱብ ይላል። ተመልካቹ ፊዚክስ ባይማርም ዓይኑ አይታለልም፤ አሻንጉሊት እንደወደቀ ያውቃል። መፍትሔው ካሜራውን ማፍጠን ነው። ቤቱ 25 ጊዜ ካነሰ የ25ን ስኩዌር ሩት ይወስዳሉ፣ 5 ነው፤ ሲኒማ በሴኮንድ 24 ምስል ስለሚያሳይ በ5 ተባዝቶ በሴኮንድ 120 ምስል ይቀረጻል። በተለመደው ፍጥነት ሲታይ ያች 80 ሳንቲ ሜትር ቤት እንደ ፎቅ ተንገዳግዳ፣ እንደ ፎቅ ከብዳ ትፈርሳለች።

ይህ ስሌት የማይገዛው ነገር ቢኖር ውሃ ነው። ግንቡን ማሳነስ ይቻላል፤ የውሃን ጠብታ ግን ማንም አያሳንሰውም። ጠብታው በራሱ ባሕርይ ነው የሚጠቀለለው። ትንሽ መርከብ በገንዳ ላይ ሲንሳፈፍ ከጎኑ የሚረጨው ጠብታ በመርከቡ ስኬል ሲለካ የሰው ጭንቅላት ያህላል፤ ምስጢሩም እዚያው ይወጣል። ስለዚህ ውሃ ያለበት ሞዴል አብዛኛውን ጊዜ ግዙፍ ነው። እሳትም ተመሳሳይ ችግር አለበት።

የውሸት ቤት ሲነሣ አክሱም ትዝ ትለኛለች። የእኛ ጠራቢዎች በአንድ ወጥ ድንጋይ ላይ ባለ ብዙ ፎቅ ቤት ሲቀርጹ በሩን ከነመዝጊያው፣ መስኮቱን በየደረጃው፣ የወራጁን እንጨት ጫፍ ሳይቀር አውጥተውታል። የማይከፈት በር መሥራት አዲስ ሙያ አይደለም።

ወደ ኮምፒውተሩ እንምጣ። ከ1993 ወዲህ ይህን ሙያ የሚማር ሁሉ የሚሰማው አንድ ታሪክ አለ። ስቲቨን ስፒልበርግ «ጁራሲክ ፓርክ»ን ሲያዘጋጅ የሚሮጡትን ዳይኖሰሮች ፊል ቲፔት የተባለው ባለሙያ በአሻንጉሊት ሊያንቀሳቅሳቸው ነበር የታሰበው። በኮምፒውተር የተሠራው ሙከራ ሲመጣ ቲፔት የእኔም ዘር እንደ ዳይኖሰሩ ጠፋ አለ፤ ስፒልበርግም ነገሯን ወስዶ ከፊልሙ ንግግር ውስጥ አስገባት። ብዙ ጊዜ ታሪኩ እዚህ ላይ ነው የሚቆመው፣ ማሽኑ አሸነፈ ተብሎ። የቀረው ክፍል ግን ይበልጣል። የኮምፒውተር ሰዎቹ ሶፍትዌሩን እንጂ የእንስሳውን አካሄድ፣ ክብደቱ ከእግር ወደ እግር እንዴት እንደሚሻገር አያውቁም ነበር። ስለዚህ በየመገጣጠሚያው ሴንሰር የተተከለበት የብረት አጽም ተሠራ። የአሻንጉሊት ሰዎቹ እንደ ለመዱት በእጃቸው አጽሙን ሲያንቀሳቅሱ ስክሪኑ ላይ ያለው ዳይኖሰር አብሮ ይንቀሳቀስ ጀመር። ቲፔትም አልተባረረም፤ የዳይኖሰሮቹ ኃላፊ ሆኖ ኦስካር ወሰደ።

ለዚህ ነው ዛሬ የእጅ ሞዴሉና የኮምፒውተሩ ትምህርት የሚቀራረበው። ማያ ወይም ብሌንደር በሚባሉት ሶፍትዌሮች ቤት የሚሠራ ተማሪም ያው የዝናብ መስመር ጥያቄ ይጠብቀዋል። እንዲያውም ኮምፒውተር ሲፈጥር ሁሉን ንጹሕና ቀጥ ያለ አድርጎ ስለሚፈጥር ቆሻሻውን ሰው ካልጨመረበት ከየትም አይመጣም። ቀረጻ ላይ ደግሞ አንድ ሠራተኛ ከካሜራው ፊት ሁለት ኳስ ይዞ ሲቆም ይታያል፦ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ እንደ መስታወት የሚያበራ። የማያውቅ ሰው ይስቃል። ግራጫው ጥላው በየት በኩል እንደወደቀና ምን ያህል እንደጠቆረ ይናገራል፤ የሚያበራው ዙሪያውን ያለውን መብራት ሁሉ ሆዱ ላይ ያሳያል። በኋላ በኮምፒውተር የሚጨመረው ፍጡር በዚያው ብርሃን መብራት አለበት፤ አለዚያ የተለጠፈ ሥዕል ይመስላል።

ወደ እጅ ሥራ መመለስም አለ። በ1977 የመጀመሪያውን «ስታር ዋርስ» የሠሩት ልጆች ከሱቅ የገዙትን የታንክና የአውሮፕላን መገጣጠሚያ አሻንጉሊት እየሰባበሩ ትርፍራፊውን በጠፈር መርከቦቻቸው ላይ ይለጥፉ ነበር። ከ42 ዓመት በኋላ ከዚያው ታሪክ የወጣው «ማንዳሎሪያን» ተከታታይ ፊልም ሲሠራ እነዚያ ልጆች የሠሩበት ድርጅት ለጀግናው መርከብ እንደገና ሞዴል ሠራ፤ ከፊሉ በእጅ፣ ከፊሉ በስሪ ዲ ማተሚያ።

እንጀራው እንዴት ነው ለሚል ሰው፣ አስተማማኝ ነው ማለት አልችልም። ሪዝም ኤንድ ሂውስ የተባለው የካሊፎርኒያ ድርጅት በየካቲት 2013 በፈረንጆች አቆጣጠር ኪሳራ አወጀ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ «ላይፍ ኦፍ ፓይ» ላይ በሠራው ነብር ኦስካር አገኘ። ሥራው የሚመጣው በፊልም በፊልም ነው፤ ፊልሙ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል። ስለዚህ ብዙ ተመራቂ ዓመቱን ሙሉ ደመወዝ ወደሚከፈልበት ቦታ፣ ወደ አርክቴክቶች ቢሮ ይገባል። ፎቅ ማፈራረስ የተማረው ልጅ ገና ያልተገነባ ሰፈር ሞዴል ፊት ተቀምጦ፣ ሽቦ ጠምዝዞ በአረንጓዴ ስፖንጅ እያለበሰ፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር የምትሆን ዛፍ ይሠራል። ከዚያ ሌላ ሁለት መቶ።