ስለ ትንንሽ መኪናዎች፤ ሠሪውና ሰብሳቢው

መኪና የሚወድ ተማሪ ብዙ ነው፤ መኪና መግዛት የሚችል ተማሪ ግን ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ ከመካከላችን አንዳንዶች ፍቅራቸውን በትንንሽ ሞዴሎች ይወጣሉ። እነዚህም በሁለት ወገን የተከፈሉ ናቸው። አንደኛው ወገን በሣጥን የታሸጉ የፕላስቲክ ክፍሎችን ገዝቶ፣ በማጣበቂያ አያይዞና ቀለም ቀብቶ ሞዴሉን በገዛ እጁ ይሠራል። ሁለተኛው ወገን ተሠርቶ ያለቀውን፣ ከቀለጠ ብረት በፎርማ የወጣውንና ዳይካስት የሚባለውን መኪና እየገዛ በመደርደሪያ ያኖራል። ሠሪው ሰብሳቢውን «ገንዘብ ከፈልህ እንጂ ምን ሠራህ?» ይለዋል። ሰብሳቢውም ብዙ ጊዜ መልስ ያጣል።

እኛ ከጎግ ወረዳ የመጣን ጥቂት ተማሪዎች ለዚህ ጥያቄ መልስ አለን ብለን እናምናለን። ፍሬ ነገሩን አስቀድመን እንናገር። መሰብሰብ ሥርዓት ከተበጀለት ከጥናት ይቆጠራል፤ ሥርዓት ካጣ ግን ዕቃ ማከማቸት ብቻ ነው።

በመጀመሪያ የሠሪውን ወገን እንመልከት። ኪት የሚባለው የፕላስቲክ ሞዴል በብዛት የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በእንግሊዝ አገር ኤርፊክስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1949 የፈርጉሰን ትራክተርን ሞዴል አወጣ። በጃፓን ደግሞ አስቀድሞ በእንጨት ይሠራ የነበረው ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1960 ወደ ፕላስቲክ ተሸጋገረ። ኪት የሚሠራ ሰው የሞተሩን፣ የሻንሲውንና የባሌስትራውን ቦታ በጣቱ እየዳሰሰ ይማራል። ይህ ጥቅም ለሰብሳቢው አይገኝም፤ የዳይካስት መኪና ሆዱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጠፍጣፋ ወለል የተዘጋ ነውና።

ሆኖም ኪት ከሣጥኑ ዋጋ ሌላ ብዙ ነገር ይጠይቃል። ማጣበቂያ፣ የየዓይነቱ ቀለም፣ ማቅጠኛ፣ ብሩሽ፣ ስለት፣ ሞረድና የብርጭቆ ወረቀት ያስፈልጉታል። ከዚህም ሁሉ በላይ ጠረጴዛ፣ መብራትና ማንም የማይነካው ጥግ ያሻዋል። ብዙ ሆነን በአንድ ክፍል የምናድር ተማሪዎች ይህን ከየት እናመጣለን? የማጣበቂያው ሽታ ብቻ ጎረቤትን ያጣላል። ለዕረፍት ወደ ጎግ ይዘነው ብንሄድም ሙቀቱ ቀለሙን ከብሩሹ ሳይወርድ ያደርቀዋል። እንግዲህ ዳይካስት መሰብሰብ የሰነፍ ምርጫ ብቻ ሳይሆን ቦታና ጊዜ ላጣ ሰው የተከፈተ ሁለተኛ በር ነው።

አሁን ዳይካስት እንዴት እንደሚሠራ እናስረዳ። ብረት ብንለውም አካሉ በአብዛኛው ዚንክ ነው። ዚንኩ ከ4 በመቶ ያህል አሉሚኒየምና ከጥቂት መዳብና ማግኒዥየም ጋር ይቀላቀላል። ይህ ቅልቅል ዛማክ ይባላል፤ ስሙም ከአራቱ ማዕድናት የጀርመንኛ ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት የተውጣጣ ነው። ዛማክ ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይቀልጣል፤ አሉሚኒየም ብቻውን ግን 660 ዲግሪ ይጠይቃል። ቅልጡ በኃይለኛ ግፊት ከአረብ ብረት ወደ ተቀረጸ ፎርማ ይገባል፤ በቅጽበት ይረጋል፤ ፎርማው ይከፈትና የመኪናው አካል ይወድቃል። ከዚያ በኋላ ትርፉ ይሞረዳል፣ ቀለም ይረጫል፣ መስኮትና ጎማ ይገባል፣ ወለሉም በብሎን ወይም በተመታ ሚስማር ይያያዛል። የቅልጡ ሙቀት ዝቅተኛ ስለሆነ አንድ ፎርማ ሳይበላሽ ብዙ መቶ ሺህ አካል ሊያወጣ ይችላል።

የሥራው ታሪክም አጭር ነው። ፍራንክ ሆርንቢ ያቋቋመው የሊቨርፑሉ ሜካኖ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1934 ዲንኪ የሚለውን ስም አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1947 ለንደን ውስጥ ሌስኒ የተባለ ኩባንያ ተቋቋመ። ከባለቤቶቹ አንዱ የሆነው ጃክ ኦዴል አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። በትምህርት ቤቷ ከክብሪት ቤት የማይበልጥ መጫወቻ ብቻ ይዞ መግባት ይፈቀድ ስለነበር፣ አባቷ በክብሪት ቤት የሚገባ ትንሽ የመንገድ መዳመጫ ሠራላት። ማችቦክስ የተባለው ዝነኛ ስም የመጣው ከዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የአሜሪካው ማቴል ሆት ዊልስን አወጣ፤ የእነዚህ መኪናዎች ጎማ በቀላሉ ይሽከረከር ስለነበር የልጆች ልብ ወደዚያ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1970 ጃፓን በቶሚካ ተከተለች። የዲንኪ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1979 ተዘጋ፤ ሌስኒም እ.ኤ.አ. በ1982 ከሰረ። ማችቦክስ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1997 በተወዳዳሪው በማቴል እጅ ገባ።

ይህን ታሪክ ያወራነው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ከእርሱ አንድ ጠቃሚ ነገር እንማራለን። ፎርማ ማሠራት እጅግ ውድ ነው፤ ወጪውም የሚመለሰው አንዱ ሞዴል በብዙ ሺህ ሲሸጥ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው የሚመርጠው በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን ያለ ገዢ የሚያውቀውን መኪና ነው። የእኛ መንገድ መኪናዎች ሞዴል የሚሆኑት እዚያም የታወቁ ከሆኑ ብቻ ነው። አዲስ አበባን በታክሲነት ያገለገለችው ፊያት 600፣ ማለት ሰይቼንቶ፣ በዲንኪ ተሠርታለች። ላንድሮቨርና ፎልክስዋገንም በብዙ ኩባንያዎች ተሠርተዋል። የሶቪየት ፋብሪካዎችም የላዳን ሞዴል አውጥተዋል። ነገር ግን ሰማያዊና ነጭ የተቀባ፣ ረዳቱ በበሩ ወጥቶ የሚጣራበትን ሚኒባስ ማን ይቀርጽልናል? እዚህ ላይ ሰብሳቢው የቶሚካን ሃይስ ገዝቶ በገዛ እጁ ቀለም ሊቀባው ይገደዳል። እንዲህ ባደረገ ጊዜ ሠሪና ሰብሳቢ አንድ ሰው ሆኑ ማለት ነው።

ለመሆኑ ሠሪ የሚባለው ማን ነው? በጎግም ሆነ በሌላው የአገራችን ገጠር አንድ ልጅ ሽቦ ያጥፋል፤ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ጎማ ይቆርጣል፤ ረጅም ዘንግ አቁሞ በጫፉ መሪ ያስራል፤ ከዚያም በአፉ ሞተሩን እያስጮኸ በመንገድ ላይ ይነዳዋል። ይህ ልጅ የመመሪያ ወረቀት የለውም፤ ቁጥር የተጻፈባቸው ክፍሎችም አልተሰጡትም። ከአቦቦ በኩል የመጣው የጭነት መኪና ባለፈ ጊዜ አይቶ፣ በልቡ ለክቶ ሠራው። ኪት የሚሠራው ተማሪ ግን ሌላ ሰው ያሰበውን በታዘዘው ተራ ያያይዛል። ስለዚህ ሠሪው በሰብሳቢው ላይ ከመኩራቱ በፊት ይህን የሽቦ ባለሙያ ያስብ። በእርሱ ፊት ኪት ሠሪውም ሰብሳቢውም ሁለቱ የሌላ ሰው ሐሳብ ተቀባዮች ናቸው፤ ልዩነታቸው ድካሙ ከየት ላይ እንደወደቀ ብቻ ነው።

«ያልሠራኸውን ማኖር ምን ክብር አለው?» ለሚለው ደግሞ የአኙዋ ባህል መልስ አለው። ዲሙይ የሚባለው የዶቃ ሀብት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ፣ ለጥሎሽም ሲሰጥ ኖሯል። ዶቃውን የመንደሩ ሰው አልሠራውም፤ ከሩቅ የመጣ ነው። ሆኖም ባለ ዲሙዩን «ለምን ራስህ አልሠራኸውም?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ዶቃው ክብር ያገኘው ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ስለሚታወቅ ነው። መጫወቻ መኪናን ከዲሙይ ጋር እኩል ማድረጋችን አይደለም። የምንለው፣ አንድ ዕቃ የሚከበረው ታሪኩን በሚያውቅ ሰው እጅ ሲኖር ነው ነው።

እንግዲህ ሥርዓቱ ምን ይሁን? የሚከተሉትን እናቀርባለን።

1ኛ፤ አንድ መጠን መምረጥ። በብዛት የሚገኙት 1፡64፣ 1፡43 እና 1፡18 ናቸው። 1፡43 የመጣው በእንግሊዝ አገር ከነበረው የመጫወቻ ባቡር መጠን ነው። የሰይቼንቶ ርዝመት 3.2 ሜትር ያህል ስለሆነ በ1፡43 ሲሠራ 7.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። 5 ሜትር ያህል የሚረዝመው ላንድክሩዘር ደግሞ 11.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያቆመ ሰው የዱሮው ታክሲ ምን ያህል ጠባብ እንደነበረ በዓይኑ ያያል። የድሮ ማችቦክሶች ግን በሣጥናቸው ልክ ስለተሠሩ የጭነት መኪናውና የቤት መኪናው እኩል ሆነው ሊገኙ ይችላሉ፤ ለማነጻጸር አይመቹም።

2ኛ፤ አንድ ርእስ መምረጥ። ያገኙትን ሁሉ መግዛት ኪስንም ልብንም ያደክማል። ለምሳሌ «ከጋምቤላ ወደ ጎግ በሚወስደው መንገድ የሚታዩ መኪናዎች» የሚል ርእስ ይበቃል። በፑኝዶ የስደተኞች ጣቢያ ምክንያት የሚመላለሱት ነጫጭ ላንድክሩዘሮችና ጭነት የሚያመጡት አይሱዙዎች ለመጀመሪያ ጥሩ ናቸው። የሽቦውም መኪና በዚሁ መደርደሪያ ቦታ ይሰጠው።

3ኛ፤ ዕቃውን ማወቅ። ማግኔት ዚንክን አይስብም፤ አካሉን ከሳበው ቆርቆሮ ነው። በወለሉ ላይ የኩባንያው ስም መኖሩን ማየት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከተሠሩት አንዳንዶቹ በዚንኩ ውስጥ እርሳስ ስለተቀላቀለ በጊዜ ብዛት ይሰነጠቃሉ፤ ለዚህ በሽታ መድኃኒት የለውም። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል አሮጌ ሞዴል ለሕፃን አይሰጥም።

4ኛ፤ መጠበቅ። ፀሐይ ቀለምን ያደበዝዛል። በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ ከነሣጥኑ የተገኘ ሞዴል ዋጋው ከፍ ይላል፤ በእኛ አገር ግን ካርቶን የምስጥ ራት ነው። ስለዚህ ሣጥኑን ክዳን ባለው ጣሳ ወይም በጠርሙስ ማኖር ይሻላል።

5ኛ፤ ይህም ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ደብተር መያዝ። ለእያንዳንዱ ሞዴል አንድ ገጽ ይሰጠዋል። እውነተኛው መኪና መቼና የት ተሠራ? በእኛ መንገድ ማን ነዳው? ሕዝቡ ምን ብሎ ሰየመው? በክረምት ጭቃ ምን ያደርግ ነበር? ይህን በመጽሐፍ አናገኘውም፤ ሽማግሌውን ሹፌር፣ ረዳቱንና መካኒኩን መጠየቅ አለብን።

ደብተሩን ያጠበቅንበት ምክንያት አለን። ጋምቤላ ትልቅ መኪና ከማየቷ በፊት የእንፋሎት መርከብ አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው ውል መሠረት እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ አቋቋሙ፤ መርከቦችም በክረምት ከሱዳን እየመጡ ቡና ይጭኑ ነበር። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1956 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ዛሬ የእነዚያን መርከቦች መልክ አይቶ ሊነግረን የሚችል ሰው ስንት ቀረ? አሮጌ መኪናዎቻችንም በዚያው መንገድ ላይ ናቸው። ጉዞ ሲያቆሙ መለዋወጫቸው ይፈታል፤ የቀረው በቁርጥራጭ ብረትነት ተሸጦ ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። ያሽከረከሯቸውም ሰዎች ያረጃሉ።

በክብሪት ቤት የምትገባ ላንድሮቨር ይህን ጥፋት አታስቀርም። ነገር ግን በአንድ አሮጌ ሹፌር ፊት ብትቀመጥ አፉን ታስከፍታለች፤ እኛ ሞክረነው አይተናል። ሹፌሩ ሞዴሏን በእጁ ያገላብጥና «በዚህች መኪና እኮ…» ብሎ ይጀምራል። ሠሪው «ምን ሠራህ?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ ሰብሳቢው የሚያሳየው መደርደሪያውን ሳይሆን ያን ጊዜ የጻፈውን ደብተር ይሁን። በመጪው ዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ እያንዳንዳችን አንድ ሞዴልና አንድ ባዶ ደብተር ይዘን እንድንሄድ እናሳስባለን።