ጣናን ለማን እንተወው? ስለ መተው የሚነገሩ ተረቶችና እውነታዎች

ሰው ሲጨነቅ «ተወው፣ ለእግዜር ስጠው፣ ውሃ መንገዱን አያጣም» ብሎ ማጽናናት የተለመደ ነው። ባሕር ዳር ላይ ምክሩ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም፤ ጣና ፊት ለፊት ተንጣሏል፣ ዓባይም ከከተማዋ ጫፍ ተነስቶ ይወርዳል። ምክሩን አልጠላውም። በእጁ ባልሆነ ነገር እንቅልፍ አጥቶ የሚያድር ሰው ብዙ ነው። የሚያሳስበኝ በምክሩ ዙሪያ የተሰበሰቡት የተሳሳቱ እምነቶች ናቸው። እነሱን ይዘን መተው የሚገባንን ሙጭጭ እንላለን፤ መያዝ የሚገባንን ደግሞ «እንግዲህ ምን ይደረግ» ብለን እንለቃለን።

ተረት፦ ዓባይ ከጣና ሳይቀላቀል አቋርጦ ያልፋል

በሐይቁ ዳርቻ ከጥንት ጀምሮ ይነገራል፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አገራችን የነበረው ፖርቱጋላዊው ሚሲዮናዊ ጄሮኒሞ ሎቦም ወንዙ በሐይቁ ውስጥ ተለይቶ እንደሚታይ ጽፏል። ከዚህ ተነስቶ «ዕድሉ የተጻፈለት ሰውም ማንም ሳይነካው ያልፋል» የሚል አለ።

እውነታው፦ ይቀላቀላል። በክረምት ግልገል ዓባይ አፈር ተሸክሞ ሲገባ ድፍርሱ ውሃ ከወንዙ አፍ አካባቢ ተለይቶ ይታያል፤ የእምነቱ መነሻም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ግን ከርብ፣ ከጉማራና ከመገጭ ውሃ ጋር አንድ ይሆናል። በባሕር ዳር በኩል የሚወጣው ዓባይ የሁሉም ነው።

ተረት፦ ሐይቁ ራሱ ይሞላል፣ ራሱ ይጎድላል

ድሮ እውነት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ ግን ከሐይቁ ወደ ዓባይ የሚወርደው ውሃ በጨረጨራ ግድብ በር ይመጠናል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ውሃውን በዋሻ ወደ ምዕራብ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሐይቁ ክፉኛ ጎድሎ የጀልባ ጉዞ እስኪስተጓጎል የደረሰው የዝናቡ እጥረትና ለመብራት የተለቀቀው ውሃ ተደራርበው ነው። በር ያለው ውሃ ከፋችና ዘጊ አለው፤ ጣናን «የተፈጥሮ ነገር ነው» ብሎ መተው እነዚህን ሰዎች ከመጠየቅ ነጻ ማውጣት ነው።

ተረት፦ ተፈጥሮ ራሷ ታስተካክለዋለች

ለእምቦጭ ይህን ማለት አደገኛ ነው። እምቦጭ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ የደቡብ አሜሪካ አረም ነው፤ ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፣ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል። የሚያደልበው ደግሞ ከእርሻ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማ የሚወርደው ፍሳሽ ነው። እምቦጭን ለማስወገድ በተደረገው ዘመቻ ወቅት ገበሬው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሥሩን በእጁ ሲነቅል፣ ሌላው ተቀብሎ ወደ ዳር ሲጎትት፣ ሴቶች በክምር ሲያወጡ የታየው በሰው እጅ የገባውን በሰው እጅ ለማውጣት ነበር።

ተረት፦ መተው መሸነፍ ነው

ፎገራ ይህን ተረት በሚገባ ያፈርሰዋል። ሜዳው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር ርብና ጉማራ እየሞሉ ያጥለቀልቁታል። ለአብዛኛው የእህል ዘር መሬቱ ችግር ነበር፤ ውሃ በተኛበት ማሳ ሥሩ ይበሰብሳል። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ ተሞከረ። ሩዝ ሥሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድጋል፤ ገበሬው ውሃውን ከማሳው ማባረሩን ተወና ዘሩን ቀየረ። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ አካባቢውን ሞላው፣ ወረታም የሩዝ ገበያ ሆነች፤ ዛሬ ብዙ ቤት ሩዙ ከጤፍ ጋር ተፈጭቶ እንጀራ ይሆናል።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሥራው አለመቅለሉ ነው። የሩዝ አረም ወገብ ይቆርጣል፤ ቤተሰቡ በሙሉ ጎንበስ ብሎ በጭቃ ውስጥ ይውላል። አጨዳው ካለቀ በኋላም በመሬቱ ላይ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ገበሬው የተወው ከጎርፉ ጋር የነበረውን ትግል ብቻ ነው፤ የዘሩ ምርጫ፣ አረሙና ጊዜው ከእጁ አልወጡም።

ተረት፦ ሁሉን መልቀቅ ሰላም ይሰጣል፤ ራሴ የያዝኩት ግን አይስትም

ሁለቱ ተቃራኒ ቢመስሉም በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ ይኖራሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኤለን ላንገር እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመችው ጥናት፣ የአንድ ዶላር ሎተሪ ቲኬት ራሳቸው የመረጡ ሰዎች ቲኬቱን ለመሸጥ በአማካይ ከ8 ዶላር በላይ ጠየቁ፤ ቲኬት የተሰጣቸው ደግሞ 2 ዶላር ገደማ። ዕጣው ለሁለቱም እኩል ነው። በቀጣዩ ዓመት ላንገርና ጁዲት ሮዲን በአሜሪካ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አንዱን ቡድን ፊልም የሚያይበትን ምሽት እንዲመርጥና አንድ ተክል ራሱ እንዲንከባከብ አደረጉ። ሁሉ ነገር ከሚሠራለት ቡድን ይልቅ እነዚህ ንቁና ደስተኛ ሆነው ተገኙ። በማይያዝ ነገር ላይ ሥልጣን እንዳለን ማሰብ ያታልለናል፤ ትንሹን የራስ ጉዳይ መነጠቅ ግን ያደክማል። የጣና ታንኳ ቀዛፊ ይህን ያውቃል፦ ነፋሱን አያዝም፣ ግን ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ሳይነሳ በማለዳ ይወጣል፣ ታንኳውን የሚሠራበትን ደንገልም ሳያደርቅ አያስርም።

ተረት፦ ዓሣው የእግዜር ነው፣ አያልቅም

ከሁሉ በላይ የምቆረቆረው ለዚህኛው ነው። ጣና ውስጥ 15 ያህል የትልልቅ ባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ በዓለም ሌላ የትም አይገኙም። በርካቶቹ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይወጣሉ። መረቡ የሚጠብቃቸው ልክ በዚያ ሰዓት፣ በወንዙ አፍ ላይ ነው። ዓሣው ተሰብስቦ ስለሚመጣ ማጥመዱ ቀላል ነው፤ ግን እንቁላሏን ሳትጥል የምትያዝ ዓሣ የመጪውን ዓመት ትውልድ ይዛ ትሄዳለች፣ ቁጥራቸውም ከዓመት ዓመት አሽቆልቁሏል። እዚህ ላይ «ተዉት» የሚለው ምክር ቦታውን ያገኛል፦ ከሐምሌ እስከ መስከረም የወንዞቹን አፍ ከመረብ ነጻ አድርጎ ዓሣው እንዲወጣ መተው፣ አጥማጁም በእነዚያ ወራት ልጆቹን የሚያበላበት ሌላ ሥራ እንዲያገኝ መርዳት።