የሣር ማዳበሪያ ከመበተናችሁ በፊት

ሜሪላንድ ውስጥ ግቢ ያላችሁ ወገኖች፣ ሥራዬ አፈርና ሣር ነውና ይህን ልንገራችሁ። በማዳበሪያው ከረጢት ላይ ሦስት ቁጥሮች አሉ፤ መካከለኛው ፎስፈረስን ያመለክታል። ዜሮ የሆነውን ግዙ። ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራው የስቴቱ ሕግ የአፈር ምርመራ ካላዘዘ ወይም አዲስ ሣር ካልተከላችሁ በቀር ፎስፈረስ መጨመርን ይከለክላል። ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ማርች 1 ደግሞ ምንም ማዳበሪያ አይበተንም፤ ሣሩ ተኝቷል፣ አይመገበውም።

ያልተመገበው የት ይሄዳል? ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የጣለ ዝናብ አጥቦ ወደ ስላይጎ ወንዝ ያወርደዋል፤ ከዚያ በአናኮስቲያና በፖቶማክ አድርጎ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይገባል። እዚያ አልጌን ያፋፋል። አልጌው ሲሞትና ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ዓሣውና ሸርጣኑ መተንፈሻ ያጣሉ። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ጉዳቱን የሚያየው ሰው ማዳበሪያውን ከበተነው ሰው በጣም ሩቅ ነው።

ከባድ ዝናብ ከተተነበየ አትበትኑ። ወንዝ ዳር ከሆናችሁ ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ጫማ ራቁ፤ ርቀቱ በመበተኛው ዓይነት ይወሰናል። አስፋልት ላይ የፈሰሰውን በውሃ አትጠቡት፣ ጠርጋችሁ ወደ ሣሩ መልሱት። ያጨዳችሁትንም ሣር እዚያው ተዉት፤ ሲበሰብስ ለሣሩ የሚሰጠው ናይትሮጅን በነጻ ነው።